የጳጉሜ ኪራይ

በጳጉሜ ኪራይ አይጠየቅም። ይህን የማያውቅ ተከራይም አከራይም አገራችን ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ቤት የሚከራየው በወር ነው፤ ጳጉሜ ደግሞ በነሐሴና በመስከረም መሃል ተሸጉጣ የምታልፍ ቁራጭ ናት እንጂ ማንም ወር ብሎ አይቆጥራትም። ደመወዝም እንደዚያው ነው፣ በጳጉሜ የሚከፍል የለም። ሌላው ሰው በዚህች ወቅት ኪሱ ደርቆ ያማርራል። እኔ ግን እወዳት ነበር፤ ሂሳብ የምዘጋው በጳጉሜ ነበራ።

ወልድያ ውስጥ የቤት ኪራይ ሂሳብ ያዥ ነኝ። ድርጅቱ ድርጅት ይባል እንጂ የአራት ወንድምና እህት ውርስ ነው። አባታቸው ወልድያ ላይ አንድ ግቢ ሙሉ ክፍሎች፣ መርሳ አስፋልት ዳር ደግሞ የተደረደሩ ሱቆች ትተውላቸው ሞቱ፤ ልጆቹም በኋላ እንዳይጣሉ ብለው ማኅበር አቋቋሙ፣ ማኅተም አስቀረጹ፣ እኔን ቀጠሩ። የበኩሩ ልጅ ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። ጋሼ እላቸዋለሁ፤ የሚኖሩት አዲስ አበባ ነው። እኔ የምኖረው እዚያው ግቢ፣ በሩ ጥግ ባለችው ክፍል ነው፤ ከሥራው ጋር የተሰጠችኝ ናት። ባልም ልጅም የለኝም። ለምን አላገባሽም የሚለኝ ሰው ሲያጋጥመኝ፣ ሂሳቡ አልገጥም ብሎኝ ነው እለዋለሁ፤ ስቆ ይተወኛል፣ እኔም የምፈልገው እንዲተወኝ ነው።

መዝገቤ ላይ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ገጽ አለው። በገጹ ላይ አሥራ ሁለቱ ወራት አሥራ ሁለት ሳጥን ይዘው ይደረደራሉ፤ ከሁሉም በታች አንዲት ጠባብ መስመር አለች፣ እሷ የጳጉሜ ናት። እዚያች መስመር ላይ ኪራይ ተጽፎ አያውቅም። «ጣሪያው ተነካ»፣ «የበሩ ማጠፊያ ተቀየረ»፣ «ኖራ ተቀባ» እያልኩ የምጽፍባት ናት። ከጥገናው በጀት ኖራ እገዛለሁ፣ ተከራዩ ሁሉ ሱሪውን ሰብስቦ የራሱን ግድግዳ ይቀባል። ያኔ ግቢው ሌላ ይሆናል። ሳቁ፣ ስድቡ፣ «አንቺ አትርጪኝ!» የሚለው ጩኸት አይጣል ነበር። ግብሩን በሐምሌ ከገቢዎች ጋር ጨርሰን፣ በጳጉሜ ደግሞ ለመጪው ዓመት ይህን ያህል ይገባል፣ ይህን ያህል ይወጣል ብዬ እቅዱን የማሰናዳው በዚያ ጫጫታ መሃል በሬ ላይ ቁጭ ብዬ ነው።

ከእኔ ክፍል ጋር ግድግዳ የሚጋሩት ልብስ ሰፊ ነበሩ። የሀብሩ ሰው ናቸው፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ በእድሜ የሚበልጡኝ። አያ እላቸዋለሁ። ሱቅ መከራየቱ ስለከበዳቸው የሚሰፉት እዚያው በሚተኙበት ክፍል ነበር። ግድግዳው የጭቃ ነው፣ ሁሉንም ያሰማል። እሳቸው ይሰፋሉ፣ እኔ እደምራለሁ። የስፌት መኪናው ድምፅ ሲፈጥን ረጅም ስፌት ላይ ናቸው ማለት ነው፤ ቆም ቆም ሲል ኮሌታ ላይ ናቸው። ጉንፋን ይዞኝ ስስል መኪናው ቀጥ ይላል፣ ከዚያ በግድግዳው በኩል «አብሽሪ!» ይሉኛል፣ አይዞሽ ማለታቸው ነው። በቃ፣ ይኸው ነው ወሬያችን። ፊት ለፊት ስንገናኝ ከሰላምታ የሚያልፍ ነገር ብዙም አናወራም ነበር፤ አልጋዬን ግን አስጠግቼ የዘረጋሁት ከዚያ ግድግዳ ጋር ነው።

ኪራይ ላይ እንደሳቸው ያለ ሰው አላየሁም። ወሩ በባተ ጠዋት፣ ገና ፊቴን ሳልታጠብ በሬ ላይ ናቸው። «ምን ያስቸኩልዎታል አያ፣ ልበላዎት ነው?» ስላቸው፣ «የሰው ሐቅ ይዤ አላድርም» ይላሉ። ደረሰኛቸውን አራት ቦታ አጥፈው ኪሳቸው ከትተው ይሄዳሉ።

በ2013 ዓ.ም ነሐሴ ላይ ጦርነቱ ወልድያ ደረሰ። የከባድ መሣሪያው ድምፅ መጀመሪያ ከወዲያ ተራራ ነበር፤ በኋላ መስኮቱ ሲንቀጠቀጥ ግቢው ተነሣ። ከፊሉ በእግሩ ወደ ሐራ ወረደ፣ ከፊሉ በተገኘው መኪና ወደ መርሳና ወደ ደሴ። ሁሉም ሲወጣ ቁልፉን እኔ እጅ ላይ እያስቀመጠ ነው። «ለጊዜው ነው፣ ቶሎ እንመለሳለን» ይላል፤ እኔም «እንዴታ!» እላለሁ፤ አንገቴን አቅፎኝ ይሮጣል።

አያ ከሁሉም ኋላ ወጡ። የስፌት መኪናውን ራስ ፈትተው በብርድ ልብስ ጠቅልለው ተሸከሙት። ከባዱን የብረት እግር ግን አልቻሉትም።

«እግሩ እዚህ ይቆይ» አሉኝ። «እመለስበታለሁ፣ ኢንሻአላህ። ቁልፉ አንቺው ዘንድ ይሁን።»

«የት ሊሄዱ ነው?»

«መርሳ፣ ልጄ ዘንድ። አንቺስ?»

«እኔማ ግቢውን ማን ይጠብቀዋል?»

ውሸቴን ነው። የሚሄድ ሰው ሁሉ ደውሎ «መጣሁ» የሚለው ሰው ነበረው፤ እኔ የምደውልለት አልነበረኝም። አንቺም ነይ ቢሉኝ ኖሮ በላዬ ላይ ያለውን ለብሼ እከተላቸው ነበር። አላሉኝም። ምን ብለውስ ይበሉኝ? የማን ነሽ ቢባል ምን ይባላል? «አብሽሪ» ብለውኝ ወጡ። በሩን ዘጋሁና የግቢው ቁልፍ ሁሉ በጉያዬ ሆኖ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን እንዴት እንደምናገረው አላውቅም፤ ከፍርሃቱ ይልቅ ዝምታው ነው የገደለኝ። መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ባንክ ተዘግቷል። አዛኑ ድምፅ ማጉያ አጥቶ በባዶ አፍ ነበር የሚጠራው፤ ሰውየው ጉሮሮው ሲሰነጠቅ ይሰማኛል። ታጣቂዎች እየገቡ ክፍሎቹን አስከፈቱኝ። ፍራሹን፣ ብርድ ልብሱን፣ ዱቄቱን ወሰዱ። የአያን የብረት እግር አንዱ ረገጥ ረገጥ አድርጎ «ምን ያደርጋል ይሄ?» አለና ተወው። እኔን ምንም አላሉኝም፤ አሮጊት መስዬ መታየቴ ለአንድ ቀን ጠቀመኝ። የምበላው የጎረቤት ማሽላና ጓሮ የቀረ ጎመን ነበር። ስለ ራሴ አላማርርም፣ ከእኔ የባሰበት ስንትና ስንት ሰው ነበር።

ጳጉሜ እንደ ወትሮዋ መጣች። ለሩፋኤል ዘነበ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሕፃን ዐዋቂው ጠበሉ እንዳያልፈው እየጮኸ ግቢው ውስጥ ይራጨው ነበር። እኔ ብቻዬን በሬ ላይ ቆሜ እጄን ዘረጋሁ፤ ዝናቡ የብረት በርሜሉ ላይ ይወርዳል፣ ሌላ ድምፅ የለም። ምን ቆርጦኝ እንደሆነ እንጃ፣ ጮክ ብዬ «አብሽሪ!» አልኩ። በሳቸው ድምፅ ልል ሞክሬ ነበር። ከዚያ በራሴ አፈርኩና ገባሁ።

ሥራ ነው ብዬ መዝገቤን ከፈትኩ፤ ሌላ የማደርገው አልነበረኝም። የዓመቱን ዘጋሁ። በጳጉሜ መስመር ላይ የምጽፈው ጥገና ስላልነበረ «ሰው የለም» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ የመስከረምን ልከፍት ነው እንግዲህ። አዲስ ዓመት ነው፣ አዲስ ገጽ፣ አዲስ ሳጥን። እስክሪብቶዬን አንሥቼ ቀረሁ። ሳጥን ከከፈትኩ አንድ ነገር መጻፌ ነው፤ ካልተከፈለ «አልተከፈለም» ነው የሚባለው፣ «አልተከፈለም» የተባለ ነገር ደግሞ ተሰብሳቢ ሂሳብ ውስጥ ይገባል፣ እየተደመረም ይሄዳል። በውላችን መሠረት ሦስት ወር ያልከፈለ ተከራይ ክፍሉ ተከፍቶ ዕቃው ይወጣል። መንገድ ላይ ያለ ሰው፣ ቤቱን በኔ እጅ ትቶ የሮጠ ሰው፣ እኔው በገዛ እጄ ባለዕዳ አድርጌ ላስወጣው ነው ማለት ነው። ዕዳ እየጠበቀው ደግሞ ማን ይመለሳል? ባይመለሱስ?  ቤቱስ አያሳስበኝም፣ እኔ የምፈልገው ሰዎቹን ነበር።

ስለዚህ መስከረምን አልከፈትኩትም። ጳጉሜን ነው ያስረዘምኩት። በመስመሯ ጫፍ ላይ ወረቀት በሊጥ ለጥፌ፣ በዚያ ላይ መጻፍ ቀጠልኩ፤ «በር ተሰበረ»፣ «መስኮት ተሰበረ»፣ «ሰው የለም»። እንቁጣጣሽም አለፈ፣ መስቀልም አለፈ፣ ውርጩም መጣ፤ በእኔ መዝገብ ግን ገና ጳጉሜ ነበር። እብደት ነው የሚል ሰው ካለ ይበል። እኔ በሕይወቴ ከሠራሁት ሂሳብ ሁሉ ትክክለኛው ያ ይመስለኝ ነበር፤ ወር የሚባለው ሰው ኖሮበት፣ ሠርቶበት፣ ደመወዝ ሲበላበት ነው እንጂ ያ ጊዜ ከየት አምጥቶ ወር ይሆናል?

ታኅሣሥ ላይ ከተማዋ ነፃ ወጣች። ስልክ ሲመለስ ጋሼ ደውለው ድምፄን ሲሰሙ አለቀሱ፤ ይህን ሳልናገር ብቀር ግፍ ነው። መንገዱ እንደተከፈተም ዱቄትና ዘይት በመኪና ጭነው መጡ። ግቢውን ዞሩ፣ የተሰበረውን አዩ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንቺ ተርፈሻል» አሉኝ። ከዚያ ወንበር ስቤላቸው ተቀመጡና ነገራቸውን አመጡ።

«አንድ የእርዳታ ድርጅት ግቢውን እንዳለ ይፈልገዋል፣ ለዕቃ ማከማቻ። የሚከፍሉት ጥሩ ነው። በዚህ ሳምንት ክፍሎቹ ይጽዱ።»

«የሰው ዕቃ አለባቸው እኮ ጋሼ። ቁልፋቸውን ሰጥተውኝ ነው የሄዱት።»

«ከመስከረም ጀምሮ የከፈለ አለ? የለም። ውሉ ፈርሷል። መዝገቡን አምጪው።»

አመጣሁት። መነጽራቸውን አድርገው አገላበጡ፤ የተለጠፈውን ወረቀት ዘርግተው አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«መስከረም የታለ?»

«አልከፈትኩትም።»

«ይሄ ሁሉ ምንድነው?»

«ጳጉሜ ነው።»

ሳቁብኝ።  እኔ እንደሆነ ከተናደድኩ ምላሴ አያርፍም። «ይሳቁ» አልኳቸው። «እርስዎ አዲስ አበባ መስከረም ጠብቶልዎታል። እዚህ አልጠባም። አባትዎ በጳጉሜ ኪራይ ሲጠይቁ ካዩ ይንገሩኝ፣ አሁኑኑ ዕቃቸውን እኔው ራሴ ተሸክሜ አወጣዋለሁ!»

 አባታቸውን ማንሣቴ ነገሩን እንዳጠነከረው ገባኝ። ወረቀቱን አጠፉት፣ ዘረጉት።

«እሺ» አሉ። «ጳጉሜ ካልሽ ጳጉሜ ይሁን። እስከ የካቲት መጨረሻ እጠብቃቸዋለሁ፣ ለእርዳታ ድርጅቱም ከዚያ በፊት ግቢው አይደርስም እላለሁ። ግን አንድ ነገር አለ። በጳጉሜ ደመወዝም የለም። ለወንድሜና ለእህቶቼ ገቢ የሌለበትን ጊዜ ወጪ ብቻ ይዤ ብቀርብ ምን ይሉኛል? የአንቺን የእነዚህን ወራት ደመወዝ ልከፍል ነበር አመጣጤ።»

የሚያናድደው፣ ሂሳቡ ልክ ነበር። በአንዱ በኩል ጳጉሜ በሌላው በኩል ኅዳር ማድረግ አይቻልም፤ ሌላ ሰው እንዲህ አድርጎ ቢያመጣልኝ እኔው ነበርኩ የምመልሰው። ያ ደመወዝ ግን ያስፈልገኝ ነበር። ብርድ ልብሴ ሄዷል፣ ጫማዬ ሄዷል፣ ለጎረቤት የምመልሰው ማሽላ አለብኝ። ግድግዳውን አየሁት። «ይሁን» አልኩና ፈረምኩ።

ከዚያ በኋላ ስልኬን ይዤ መደወል ሆነ ሥራዬ። «ምንም ዕዳ የለባችሁም፣ ኑ» እላለሁ። ፀጉር ሠሪዋ ከደሴ መጣች፤ «እትዬ፣ እውነት የለብኝም?» እያለች ገጹን ሦስቴ አስነበበችኝና አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። አስተማሪው ከነሚስቱ መጣ። ግቢው ውስጥ እንደገና ልብስ ተሰጣ፣ ሰው ተጣላ፣ ደስ አለኝ። በግድግዳው ማዶ ግን ዝም ነው። የአያ ስልክ አይሠራም። መርሳ ካሉት የሱቅ ተከራዮቻችን አንዱ ልጃቸውን ያውቃት ስለነበር በሱ ላክሁባቸው፤ «ኪራይ የለብዎትም፣ ክፍልዎ አለ፣ ይምጡ በላቸው» አልኩት። ክፍሉን ጠረግሁት። ኖራ ገዝቼ የሳቸውን ግድግዳ እኔው ቀባሁት፣ በራሴ ገንዘብ፣ ያውም በብድር። ናፍቀውኝ ነበር። ይኸው ተናገርኩት፤ በዚህ እድሜዬ ማንን እፈራለሁ?

የካቲት አጋማሽ ላይ ባጃጅ በሩ ላይ ቆመ። እሳቸው ናቸው። ከስተዋል፣ ጢማቸው ነጭ ሆኗል። በፌስታል የመርሳ ብርቱካን ይዘዋል። ሰላምታችን ረዘመ፤ ደህና ነሽ ወይ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነዎት ወይ፣ ይመስገን፤ እንባ እንዳያመልጠኝ ደጋግሜ የምጠይቀው እኔ ነበርኩ። ክፍሉን ከፈትኩላቸው። ኖራውን አዩና እጃቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉ። የብረት እግሩ ቦታው ላይ ነበር።

«ጠበቅሽልኝ» አሉ።

«ራሱን አላመጡትም እንዴ? የመኪናውን?»

እሳቸው ከኪሳቸው በመሐረብ የታሰረ ብር አወጡ። ከመስከረም ጀምሮ ያለው ኪራይ ነው፣ አንድም ሳይጎድል።

«አያ፣ ምን ማለትዎ ነው? ልኬብዎት አልነበረም? የለብዎትም!»

«ሰምቻለሁ። አላህ ይስጥሽ። ግን ዕቃዬ እዚህ ነበር፤ ቦታ ይዟል። እኔ የሰው ሐቅ ይዤ መሄድ አልችልም።»

መሄድ አሉ። ያኔ ነው የገባኝ። ባለ ባጃጁ ገመድ ይዞ ሲገባ አየሁት፤ የመጣው ለብረት እግሩ ነው።

«አይመለሱም ማለት ነው?»

«የልጄ ባል በነሐሴው ጦርነት እንደወጣ ቀርቷል። ሕፃናት ይዛ ብቻዋን ነች» አሉኝ። «ሰው እንዴት ብሎ ብቻውን ይኖራል? አንቺው ፍረጂው።»

ምን ልፍረድ? ትክክል ናቸው። ምላሴ የት እንደገባ እንጃ፤ «ልክ ነዎት አያ» ብቻ አልኩ። እኔ ዕዳ ካለባቸው አይመጡም ብዬ ነበር ደመወዜን የሰጠሁት። እሳቸው ደግሞ ዕዳ እያለባቸው መሄድ ስለማይሆንላቸው ነው ከየት እንዳመጡት የማላውቀውን ብር ቋጥረው የመጡት። ምነው ባልከፈሉኝ! ምነው በየወሩ ትንሽ ትንሽ እያሉ እየተመላለሱ በከፈሉኝ! ይህን ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ ግን እንዲህ የሚባል ነገር አለ እንዴ?

ብሩን አልቀበልም ብል ተቀየሙ፣ ፊታቸው ተለወጠ፤ ስለዚህ ተቀበልኩ። ደረሰኝ ስቆርጥ ምክንያቱ የሚጻፍበት ቦታ ላይ ስደርስ ተቸገርኩ፤ በኔ መዝገብ እነዚያ ወራት የሉም። «ልዩ ልዩ ገቢ» ብዬ ጻፍኩላቸው። አነበቡት፣ እንደ ልማዳቸው አራት ቦታ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። የብረት እግሩን ከባለ ባጃጁ ጋር ተሸክመው ጫኑ። «አብሽሪ፣ እህቴ» አሉኝና ሄዱ።

ጋሼ ሪፖርቱን ሲያዩ ስለዚያ ብር ጠየቁኝ፤ አንድ ተከራይ በፈቃዱ የከፈለው ነው አልኳቸው፣ ወደ ባንክ አስገቡት። የእርዳታ ድርጅቱ ሰው የገባበትን ግቢ አልፈልግም ስላለ፣ ክፍሉን በመጋቢት ለአንድ የባንክ ሠራተኛ አከራየሁት። ጥሩ ልጅ ነው፣ ኪራዩን በሞባይል ይልካል፣ በሬን አንኳኩቶ አያውቅም። ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ነው የሚውለው መሰለኝ፣ ኮሽታም የለውም። አንዳንድ ቀን ሳል ሲይዘኝ ከሳልኩ በኋላ ትንሽ ዝም እላለሁ። አልጋዬን ከዚያ ግድግዳ አላነሣሁትም።